የአለቃ ጀርባ

ከግራር ውኃ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ፣ ወንዙ ጋ ሳይደረስ፣ ዝናብ የማያገኘው አንድ ሰፊ የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ስሙም የአለቃ ጀርባ ይባላል። የግድግዳው ቀኝ ወገን የሥዕል ተማሪዎች በከሰል ያሠመሩት መስመር፣ ክብና ዓይን ብቻ ነው፤ ልክ እንደተወጠረ ድር። ግራው ወገን ግን ሌላ አገር ነው፤ ጃንጥላ የያዘ ዝንጀሮ፣ ገበያ የምትወርድ ዶሮ፣ በቅሎ ላይ ተኮፍሳ የተቀመጠች አህያ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ጋቢ የለበሰና ጥምጥሙን ያሳመረ ሰው ተቀምጦ ተሥሏል፤ ፊት የለውም፣ የሚታየው ጀርባው ነው።

የግራር ውኃ ሠዓሊዎች ልማድ ከዚህ ሥዕል ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪ ጠዋት በቀኙ ወገን መስመሩን ይለማመዳል፤ መምህሩም አጠገቡ ቆሞ «ተጣመመ፣ ድገም» እያለ ያርመዋል። ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ግን ተማሪው ወደ ግራው ይሻገርና ደስ ያለውን ይሥላል፤ መምህሩ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ይሰጠዋል። መንገደኛ ሲያያቸው «ምነው፣ ተቀያይመዋል እንዴ?» ይላል። አልተቀያየሙም። የልማዱ አመጣጥ ሲነገር እንዲህ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ የግራር ውኃ ማርያም ገና ተሠርታ ግድግዳዋ ባዶ በነበረበት ዘመን፣ አለቃ ወልደ ሐና የሚባሉ ሠዓሊ ነበሩ። ሥራውን ጀምረው ሦስቱን ግድግዳ ከጨረሱ በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የቀረው የምዕራቡ ግድግዳ ነበር፤ እዚያ ላይ የሚሣለው ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ነው። ተማሪያቸው ቢያድግልኝ የሚባል ጎልማሳ ሲሆን፣ ሚስት ካገባ፣ እርሻ ከያዘ በኋላ «ሥዕል ካልተማርሁ» ብሎ የመጣ ሰው ነው። አለቃ ታዲያ በሰው ፊት እንዲህ አሉት ይባላል፦ «እስከ መስቀል ድረስ ፈረሱን በዚህ ድንጋይ ላይ ካሳየኸኝ ግድግዳው ያንተ ነው። ካልሆነልህ ከሌላ አገር ሠዓሊ ይመጣል፤ አንተም ወደ ሞፈርህ ትመለሳለህ።»

ቢያድግልኝ ይህን ከሰማ በኋላ ከመስመር አልወጣም። ጠዋት መስመር፣ ቀትር መስመር፣ ማታም መስመር። ነገር ግን ጀማሪ እጅ እንደ ወይፈን ነው፤ ሳያሳርፉ ቢጠምዱት ይደነዝዛል። መስመሩ እየቀና ሲሄድ ሰውየው እየደረቀ ሄደ፤ ፈረሱን ሲሞክርም አራቱ እግሮች እኩል፣ ጀርባው ዝርግ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ሆነ። አለቃ መጥተው አዩና፣

«ቢያድግልኝ» አሉት፣ «ይኼ ፈረስ ነው አልጋ? ሰማዕቱ ሊዋጋበት ነው ሊተኛበት?»

ያን ዕለት አኩርፎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ አትጠገብ ነገሩን ሰምታ ኖሮ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አልጋ ሠራህ አሉኝ። ለኛም አንድ አትሠራልንም?»

«አንቺ ደግሞ ቁስል ትነካኪያለሽ።»

«እሺ አልጋው ይቅር። ለደብሩ ሳይሆን ለኔ አንድ ነገር ሣልልኝ። ያቺን በርበሬዬን የፈጀች ሌባ ፍየል ሣላትና ውኃ ስቀዳ አይቻት ልሳቅ።»

በነጋታው በድንጋዩ ግራ በኩል ፍየሊቱን ሣላት። በርበሬው ከአፏ ተንጠልጥሎ፣ አንድ ጆሮዋ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ፣ የባለ በርበሬዋን ኮቴ ስታዳምጥ። አትጠገብ እንስራዋን አዝላ ስታያት እስኪያማት ሳቀች፤ ቢያድግልኝም አብሯት ሳቀ፣ እጁም ያን ጊዜ ተፈታ ይባላል። ይሁን እንጂ ደስታውም እንደ ጠላ ነው፣ ያሰክራል። ሰውየው መስመሩን ጥሎ ሲሥል ይውል ጀመር፤ ዝንጀሮውም ዶሮዋም የዚያን ጊዜ ናቸው የሚሉ አሉ። ከዚያ ወደ ፈረሱ ቢመለስ፣ ፈረሱ በእውነት ሕያው ሆነ፣ ይዘላል፣ ጋማው ይበተናል፤ ግን ቦታውን አስቀድሞ አልለካምና ድንጋዩ አለቀበት፣ ራሱ የሚያርፍበት አጣ። ራስ የሌለው ፈረስ ይዞ ቀረ።

አትጠገብ አየችና በዚህኛው አልሳቀችም። «ያኛው አልጋም ቢሆን ራስ ነበረው» አለችው።

ቢያድግልኝ ከዚህ በኋላ ነው ቀኑን ለሁለት የከፈለው፤ ጠዋት ለመስመሩ፣ ከቀትር ወዲያ ለጨዋታው። ማንም አልነገረውም። ሁለቱንም ለየብቻ ሞክሮ ሁለቱም ስለጣሉት ነው እንጂ። ጠዋት የለካው ከሰዓት ሲጫወት ሳያስበው እየመጣ እጁን ይመራው ጀመር፤ የከሰዓቱም ሳቅ ለጠዋቱ መስመር ነፍስ ሰጠው።

መስቀል ሲቃረብ ግን ጨዋታው ጣጣ አመጣበት። እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን አንድ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ክፉ ሰው ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን። አለቃ ወልደ ሐና ከሰዓት ከሰዓት ከድንጋዩ ወዲህ ተቀምጠው ወንዙን መመልከት ይወዱ ነበር፤ ቢያድግልኝም እንደተቀመጡ፣ እንዳያቸው፣ ከጎን ሣላቸው። አፍንጫቸው፣ ጥምጥማቸው፣ ትልቁ ጆሯቸው ሁሉ ቁርጥ እሳቸውን። ዓይናቸው ግን አንድ ብቻ!

የደብሩ ገበዝ ለጸበል ሲወርዱ አዩትና ጮኹ። «መምህሩን ከይሁዳ ጋር ደመረው! ይህ ሰው ነው የማርያምን ግድግዳ የሚነካው?» ሕዝቡ ተሰበሰበ። ቢያድግልኝ ሥርዓቱ ጠፍቶት አልነበረም፤ በጨዋታ መካከል ትዝ አላለውም። አሁን ግድግዳውም ትምህርቱም ከእጁ ሊወጣ ሆነ።

አለቃ መጡ። ሥዕሉን ቀርበው አዩት፣ ራቅ ብለው አዩት፣ ጆሯቸውንም በእጃቸው ዳሰሱ።

«ይህን ያህላል እንዴ?»

«አዎን አለቃ… ይቅር ይበሉኝ።»

«አንዱን ዓይኔን የት አደረስኸው?»

«ከተቀመጥሁበት አይታየኝም ነበር። ጠዋት ሥርዓቱን እይዛለሁ፤ ከሰዓት ግን ያየሁትን ነበር የምሥለው።»

«ሰማችሁት!» አሉ ገበዙ። «ያባሩት እንጂ!»

አለቃ ግን ከሰሉን አንሥተው ለቢያድግልኝ ሰጡት። «ፈረሱን» አሉ። «አሁን፣ በፊታችን።»

ቢያድግልኝ ጀመረ። መጀመሪያ ቦታውን ለካ፣ የራሱን፣ የእግሩን፣ የዘንዶውን። ሰማዕቱን በሁለት ዓይን፣ ዘንዶውን በአንድ ዓይን አደረገ። ፈረሱ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ወደ ፍየሊቱ ዞር ብሎ አየና ፈገግ አለ፣ የፈረሱንም አንድ ጆሮ ዘንዶውን እንደሚያዳምጥ አድርጎ ወደ ኋላ ቀሰረው። ይህን ጊዜ ፈረሱ ተነፈሰ የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ የተነፈሰው ሕዝቡ ነው ይላሉ።

ገበዙ ፈረሱን ቀርበው አዩት። «እሺ፣ ይሄስ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ያ አንድ ዓይናውስ?»

«እሱማ ይፋቃል» አሉ አለቃ። «ግድግዳው ግን የቢያድግልኝ ነው።» ከዚያም ወደ መቀመጫቸው ሄደው ጀርባቸውን ለድንጋዩ፣ ለተማሪያቸውና ለሕዝቡ ሰጥተው ተቀመጡ። «በል እንደገና ሣለኝ። አሁን የሚጎድል ዓይን የለኝም። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ዓይኔ ካንተ ጋር ነው፤ ከሰዓት ግን ጀርባዬን እሰጥሃለሁ። ጀማሪ ሰው ሲጫወት የመምህር ዓይን ይከብደዋል።»

ቢያድግልኝም እንዳሉት ሣላቸው፤ ያ ጀርባ እስከ ዛሬ በድንጋዩ ላይ አለ። አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር የመጀመሪያ የከሰዓት ሥራው ጋቢውን በነጭ አፈር ማደስ ነው። ቀርቦ ያየ ሰው ግን ከጥምጥሙ በታች አንድ ነገር ያገኛል፤ ቀኝ ጆሮው ትልቅ ነው፣ እንደ ፍየሊቱ ጆሮም ወደ ኋላ ተቀስሯል። አለቃ አያዩም እንጂ ያዳምጡ ነበር ይባላል። ዛሬም የግራር ውኃ መምህራን ከሰዓት ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቀመጡ፣ ከኋላቸው ሳቅ እስከተሰማ ድረስ ዞረው አያዩም፤ ሳቁ ጠፍቶ ዝም ሲል ብቻ ነው፣ «ምን ሆንህ ልጄ?» ብለው የሚዞሩት።