በአንድ ሰው ልክ የተቆፈሩ ጉድጓዶች

አንድ ሸዋቀና የሚባል ሸማኔ ነበረ። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ እግሩ ረጅም፣ እጁም ፈጣን ነበር። ጋቢው በአገሩ ሁሉ ስለተወደደለት ሰፊ የሽመና ቤት ሠራና ሌሎች ሸማኔዎችን ቀጠረ።

ሸማኔ እንደሚታወቀው የሚሠራው ከጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ነው። ሸዋቀና የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲያስቆፍር ራሱ ገብቶ ሞከረው። ለእግሩ ተመቸው፤ ወገቡም ቀና አለለት። ወዲያው ጥልቀቱን በገመድ ለካና «ሌሎቹንም በዚችው ልክ ቆፍሩ» አለ። መርገጫዎቹም በዚያው ልክ ታሰሩ። ቤቱ ሲያልቅ ጉድጓዶቹ በአንድ መስመር ተደርድረው ሲታዩ ያምሩ ነበር። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሸዋቀና መጀመሪያ የሚያሳየው ጋቢውን ሳይሆን ይህን ሰልፍ ነበር።

ከተቀጠሩት መካከል አንዱ ደምለው ነበር። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ሙያ የተማሩ፣ ኋላም አበልጅ የሆኑ ወዳጆች ናቸው። ደምለው ግን አጭር ሰው ነው። መርገጫው ላይ ለመድረስ እስከ መቀመጫው ጫፍ መንሸራተት፣ ወገቡን ማጉበጥ፣ የእግሩን ጣቶች መዘርጋት ነበረበት። እንዲህ ሆኖ ውሎ ሲነሳ ጉልበቱ አልታጠፍም ይለዋል።

አንድ ጠዋት ደምለው የመርገጫውን ገመድ አሳጥሮ አሰረ፤ ከጀርባውም መደገፊያ እንዲሆነው ጭድ የሞላ ጆንያ አስቀመጠ። ሸዋቀና ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ሲያየው ተቆጣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጉልበቴን እያመመኝ ነው፣ ሸዋቀና። እንዲህ ሳደርገው ቀለል ይለኛል።»

«እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስሸምን አንድ ቀን አሞኝ ያውቃል? ሥራ የሚወድ ሰው ጉልበቱን አያዳምጥም። ፍታው! ሰልፌን አበላሸህብኝ።»

ደምለው ፈታው። ሸዋቀና ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ ከልቡ ያምንበት ነበር። እሱን የማያመው ብርቱ ስለሆነ፣ ሌላውን የሚያመው ደግሞ ሰነፍ ስለሆነ ይመስለው ነበር። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባል የለ!

ወራት አለፉ። የደምለው ጉልበት አበጠ። በሥራ መሃል እየተነሳ ግድግዳ ተደግፎ መቆም አመጣ። በማኅበር ቀን ሸማኔዎቹን ጨምሮ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲጫወት አንዱ ስለ ሕመሙ ጠየቀው። ደምለው መልስ ሳይሰጥ ሸዋቀና ቀደመና፣ «የደምለው ጉልበት እኮ ጉድ ነው! ሥራ ሲያይ ያመዋል፣ ጠላ ሲያይ ይድናል» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ደምለውም አብሮ ፈገግ ለማለት ሞከረና አቃተው። በማግስቱ ከሥራ ቀረ፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። ሸዋቀና ግን ቀልዱ ስለተወደደለት ደስ ብሎት ሰነበተ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወሬ ደረሰው። «ደምለው ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲሸምን ይውላል» አሉት። ደሙ ፈላ። «አላልኳችሁም? ሕመሙ ውሸት ነበር!» እያለ ከደምለው ቤት ደረሰ። እውነትም ደምለው ወገቡን ቀና አድርጎ ተቀምጦ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ሚስቱ አስካለ ከጎኑ ሆና ጥጥ ትፈትላለች።

«ጉልበትህ ዳነልህ ማለት ነው?» አለ ሸዋቀና፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ።

«አልዳነም» አለ ደምለው። «ግን እዚህ አይብስብኝም።»

«ሽመና እንደሆነ ያው ሽመና ነው! እስቲ ተነስ፤ ይሄን ጋቢ ከምሳ በፊት ጨርሼ ብርታት ምን እንደሆነ ላሳይህ።»

ደምለው ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሸዋቀና ገባ። ጉድጓዱ የተቆፈረው በደምለው ልክ ነበርና የሸዋቀና ጉልበት ወደ ደረቱ ተሰቀለ። ለመርገጥ ሲል እግሩን አጣመመ፤ መወርወሪያውን ለመወርወር ሲል በገዛ ጉልበቱ ላይ አጎነበሰ። ጥቂት እንደሠራ ወገቡን ይቆረጥመው ጀመር። እኔ ነኝ ያለ ሰው ነውና ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። ላብ አጠመቀው። ምሳ ሳይደርስ መወርወሪያውን አስቀመጠ። ሊነሳ ሲል ግን ጉልበቱ ከዳው፤ የጉድጓዱን አፍ ታቅፎ ቀረ።

«ጠላ ላምጣልዎት እንዴ?» አለች አስካለ። «ሲያዩት ይድኑ ይሆናል።»

«ተይ አንቺ!» አላት ደምለው። ከዚያም እያነከሰ ወደ ጓሮ ወጣና ዶማ ይዞ ተመለሰ። ለሸዋቀና እጁን ሰጥቶ ከጉድጓዱ አወጣው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ሸዋቀና።

«ጠለቅ ላደርግልህ ነዋ። ረጅም ሰው ነህ፣ እዚህ ውስጥ ታጥፈህ እንዴት ትሠራለህ? ትጎዳለህ እኮ!»

ሸዋቀና መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሱ በዚያ ሁሉ ወራት ለወዳጁ አንዲት የገመድ ቋጠሮ ነፍጎታል። ወዳጁ ግን ሕመሙን ባየበት ቅጽበት የታመመ ጉልበቱን እየጎተተ፣ የገዛ ጉድጓዱን ሊያፈርስለት ዶማ ይዞ ቆሟል። ያሳፈረው መሸነፉ አልነበረም። ሰው ያሳቀበትን ሕመም ዛሬ በገዛ ገላው አውቆት አፈረ። ዶማውን ከደምለው እጅ ተቀበለና አንገቱን እንደደፋ «ይቅር በለኝ» አለው።

«ይቅር ብያለሁ» አለ ደምለው። «ይልቅ አረፍ በል።»

ሸዋቀና ወደ ሽመና ቤቱ ተመልሶ ሸማኔዎቹን እየዞረ «የሚያምህ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ኧረ የለም ጌታው! ደህና ነኝ» አለ አንዱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔም ደህና ነኝ» አለ ሌላው።

ሁሉም ደህና ነበሩ። ሸዋቀና መልሱ ከየት እንደመጣ ገባው። በማኅበሩ ቀን በደምለው የሳቁት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ቀጥሎ የሚሳቅበት ሰው መሆን የሚፈልግ ከመካከላቸው አልነበረም። ፊቱ እንደገና በእፍረት ጋለ። ስለዚህ መጠየቁን ትቶ መሬት ላይ ተንበረከከና እግር እግራቸውን ያይ ጀመር። አንዱ በጣቱ ጫፍ ይንጠለጠላል። ሌላው ወደ ጎን ተጣሟል። ሌላው ደግሞ አለቃው እንዳያይበት ከጭኑ ሥር ጨርቅ ደብቆ ጎዝጉዟል።

ሸዋቀና ሥራውን አቁሞ እያንዳንዱን ሰው በየተራ አስቀመጠና የጠለቀበትን ሞላለት፤ የጠበበውን አሰፋለት፤ መርገጫውንም በእግሩ ልክ አሰረለት። በሥራ መሃል ተነስቶ እግርን ማፍታታትም ስንፍና መባሉ ቀረ። ያ የሚያምር ሰልፍ ፈረሰ፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ቤት ሆነ።

ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ወዳጁን ሊጠራ ሄደ። ቤት ሲገባ ጉድጓዱን አጣው። በአፈር ተሞልቶ ተደልድሏል። ደምለው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ለሌላ ሸማኔ ማግ ያጠነጥናል።

«ቦታህን በልክህ አስተካክዬልሃለሁ» አለ ሸዋቀና። «ተመለስልኝ።»

«ቂም ይዤብህ አይደለም፣ ሸዋቀና። ይቅርታውን ያኔውኑ ከልቤ ሰጥቼሃለሁ። አይብስብኝም ያልኩህ ጉልበቴ ግን ባሰ፤ ከእንግዲህ በየትኛውም ጉድጓድ አይታጠፍም። በልኬ የቆፈርኩት ዘግይቼ ነው።»

ሸዋቀና እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ወዳጆቼ፣ የተበጠሰ ድር ይቀጠላል፤ የተቀያየመ ሰውም ይታረቃል። ያለቀ መገጣጠሚያን ግን ይቅርታ አይመልሰውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። መቀመጫን፣ ጠረጴዛንና መርገጫን በሰው ልክ ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በዕቃው ልክ ሲታጠፍ የኖረን ሰው ግን ማንም መልሶ አያቃናውም። ደግሞም እርስዎን ያልቆረቆረዎት መቀመጫ በእርስዎ ልክ ተሠርቶ ይሆናል እንጂ እርስዎ ከሌላው በርትተው ላይሆን ይችላል።

እስቲ ልጠይቅዎ፦ አብረውዎት ከሚሠሩት መካከል ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» የሚልዎት ማን ነው? አቀማመጡንስ ጎንበስ ብለው አይተውለት ያውቃሉ?