ሆዱ ያልበረደ ብሎን

አይ፣ አይ፣ «ብርድ ብረትን ይሰብራል እንጂ አያጠነክርም» አትበለኝ! ይሄን ማን እንደነገረህ አውቃለሁ፤ ያው ባለወርክሾፑ ነው። እስከ መጨረሻው ስማውና ከዚያ ፍረድ።

እሱ ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ብሎን ሠሪ ነበር፤ ጋሽ ተክሉ የሚባል፣ ብረት ላይ ያረጀ ሰውዬ። ብሎኑን በእሳት ካጠነከረ በኋላ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለበት ጋን ውስጥ ይከተዋል። ከበረዶ በጣም የባሰ ብርድ ነው እኮ! ቀስ አድርጎ ያቀዘቅዘዋል፣ አንድ ቀን ሙሉ ያቆየዋል፣ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል፣ መጨረሻ ላይ እንዳይሰባበር ምድጃ ውስጥ በልኩ ያሞቀዋል። እንዲህ ያለፈ ብሎን ቶሎ አይበላም። ጋሽ ተክሉ ጋኑ የሚከፈትበትን ሰዓት ክዳኑ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ ከዚያ በፊት ማንም አይነካውም።

አንድ ቀን ሽመክት የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር የጎማ ብሎኖቹ ተበልተውበት መጣ። አውቶቡሱን በክሪክ አንስቶ፣ «ጋሼ፣ የምሠራው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ስልሳ ሰው ይዤ። አይቸኩሉ፣ እጠብቃለሁ» አለ።

ባለወርክሾፑ ግን በሩ ላይ «ዛሬ አምጥተው ዛሬ ይውሰዱ» ብሎ በትልቁ ለጥፏል። ጋሽ ተክሉ አዲሶቹን ብሎኖች ጋኑ ውስጥ ከከተታቸው ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ክዳኑን ከፈተ።

«ይኸው ደርሷል!»

«ኧረ ክደነው ልጄ! ቆዳው ነው የበረደው፤ ሆዱ ገና ነው።»

«ነጭ በነጭ ሆኖ የለ እንዴ ጋሼ?»

«ነጭ የለበሰ ሁሉ ቆርቧል?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ባለወርክሾፑ ተናደደ። ሽማግሌውን ወደ ቤቱ ሸኘው፣ ጠመኔውን በእጅጌው ጠረገው፣ ብሎኖቹን በረዶው ይልቀቅ ብሎ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመራቸው። ምድጃውንማ ማን አስታውሶት! ለሽመክት «አልቋል፣ በሰላም ግባ» አለው።

ቁልቁለቱ ላይ ብሎኖቹ እንደ ብስኩት ተሰባበሩ፣ ጎማው ወጥቶ ሄደ። ሽመክት ገደል እንዳይገቡ አውቶቡሱን እሱ በተቀመጠበት በኩል ተራራው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ስልሳውም ሰው በእግሩ ወረደ። እሱን ግን ከመሪው ሥር ብረት ቆርጠው ነው ያወጡት፤ ቀኝ እግሩ ቀረ።

ባለወርክሾፑ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ብርዱ ነው ያበላሸው!» ጋሽ ተክሉንም አባረረው፣ ጋኑንም ደጅ አውጥቶ ጣለው። አንተም አምነህ ለእኔ ታወራልኛለህ!

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ የሚያጠነክር ነገር ሁሉ ጊዜውን ይፈልጋል። መሃል ላይ አቋርጠህ፣ ላዩን አይተህ «አለቀ» ካልክ በኋላ ሲሰበር ሥራውን አትክሰስ፣ ሠሪውንም አትክሰስ። ይሄን ለምታውቁት ሁሉ ላኩት፤ ዞሮ ዞሮ ባለወርክሾፑም ጆሮ ይደርሳል።

አንተ ሰውዬ፣ ባለ መኪናው ራሱ እጠብቃለሁ እያለህ፣ ማን ነው ያስቸኮለህ?