በአሸዋ የምትበስለው አህዪት

አንድ ጊዜ፣ የደጋ አውሬ ሁሉ ለእረፍት ወደ ባህር መውረድ በጀመረበት ዘመን፣ እትዬ አህዪትን ቁርጥማት ያዛት። ጉልበቷ አልታዘዝ አለ። ምንጭ ወርዳ ውሃ ጠጥታ ለመመለስ እንኳ መከራዋን ታይ ነበር። በዚሁ ከቀጠለች ክረምቱን እንደማታልፈው ስለገባት፣ ጨክና ቁልቁለቱን እያነከሰችም እያረፈችም ወረደችና ባህሩ ጠረፍ ካለችው የመዝናኛ ከተማ ደረሰች።

እዚያች ከተማ እመት ቀበሮን የማያውቅ የለም። ቁርጥማት ያለበትን እንግዳ በጠራራ ፀሐይ፣ በጋለ አሸዋ ውስጥ እስከ አንገቱ ትቀብራለች፤ ላቡ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ቆፍራ ታወጣዋለች። በቃ፣ ሕክምናው ይኸው ነው። አትሳቁ፣ ያልታመመ ነው የሚስቅ!

«እቴ፣ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው?» አለች እትዬ አህዪት ጉድጓዱን ስታይ።

«ግቢ እንጂ! ሲመሽ እንደ ውርንጭላ እየዘለልሽ ትወጫለሽ።»

ገባች። ጀርባዋን ለባህሩ ሰጥታ ተኛች። አሸዋው ሲሞቃት «እሰይ! እሰይ!» አለችና፣ ጭንቅላቷ ብቻ ከላይ እንደቀረ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ታዲያ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አያ ጅቦ! እሱም ለእረፍት ወርዷል። ከደጋ ሲነሳ ግን አንድ ነገር ሰምቷል፤ ጠረፍ ላይ ባላገርነቱ የታወቀበት እንግዳ የከተማው መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ከመጣ ጀምሮ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሆኗል። ሌሎቹ ዣንጥላ ሥር ሲቀመጡ ቢያይ፣ የሙዝ ቅጠል አናቱ ላይ ደፍቶ ይንጎራደድ ጀመር። ሆዱ ግን ከትናንት ጀምሮ ይጮህበታል።

አሸዋው ላይ የአህያ ጭንቅላት ሲያይ ለሃጩ ተዝረከረከ። ኮቴውን ሰምታ እትዬ አህዪት ነቃች። ልትነሳ ብትል እግሯ አልነቃነቅ አለ።

«ወይኔ ጉዴ! አለቀልኝ!» ብላ አናፋች።

እመት ቀበሮ እየሮጠች ደረሰች። ነገሩን ስታይ ፊቷን ፈገግ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ! ምሳዎን ጥሬ ነው የሚፈልጉት ወይስ የበሰለ?»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። በዕድሜው የበሰለ ነገር ቀምሶ አያውቅም። «ጥሬ?» አለ እየተጀነነ። «ጥሬማ ባላገር ይብላው! እኔ የለመድኩት የበሰለ ነው።»

«አቋምዎ ራሱ ይናገራል እኮ! ይቺም እየበሰለች ነው። እስቲ አሸዋውን ዳሰስ ያድርጉት።»

ቢዳስሰው መዳፉን ለበለበው። «ውይ! ማለቴ… ጥሩ እሳት ነው» አለ።

እትዬ አህዪት ዓይኗ ፈጠጠ። እመት ቀበሮ ቶሎ ጠቀሰቻትና ወደ አያ ጅቦ ዞረች።

«ችግሩ ምን መሰለዎት፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው የበሰለችው። መገላበጥ አለባት። ወጥ ቤቶቻችን ደግሞ ለምሳ ወጥተዋል። መቼም እርስዎ ማገላበጥ ያውቁበታል?»

«እኔ? ስንቷን አገላብጫለሁ!»

«እንግዲያው ከኋላ እግሯ በኩል ቆፍረው ያውጧት። በእኛ ከተማ ከፊት መጀመር ነውር ነው።»

«ይሄ ይጠፋኛል ብለሽ ነው?» አለና የሙዝ ቅጠሉን ጥሎ ቁፋሮውን ተያያዘው። አሸዋው ወደ ኋላው ይበተናል፤ እሱ ያለከልካል፤ ምራቁን ይውጣል። እትዬ አህዪትም ነገሩ ሲገባት ነፍሷ መለስ አለች።

«አያ ጅቦ፣ በግራ በኩል ገና ጥሬ ነኝ» አለችው።

«ዝም በይ! ምግብ አይናገርም!» ብሎ ተቆጣና ግራውንም ቆፈረላት።

የኋላ እግሮቿ ነፃ ወጡ። ዘርጋ አጠፍ አደረገቻቸው። ጉድ ነው! ቁርጥማቱ የት እንደገባ እንጃ። ሁለቱንም ሰብስባ ባለ በሌለ ኃይሏ ስትለጋው፣ አያ ጅቦ ተሽከርክሮ ባህሩ መሀል ተዘፈቀ። እሷም ተፈናጥራ ተነሳችና ዳገቱን እየጋለበች፣ እየፈነጠዘች፣ እያናፋች አገሯ ገባች።

አያ ጅቦ የባህሩን ውሃ ጠጥቶ፣ ጠጥቶ፣ እየተንጠባጠበ ወጣ። ዳርቻው ላይ የተሰበሰበው እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀና አለ።

«መረቁ ጨው በዝቶበታል!» አለ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ለወጥ ቤቶቹ እነግራቸዋለሁ» አለች እመት ቀበሮ፣ እጅ እየነሳች።

ከዚህ የምንማረው፣ ባላገር ላለመባል ብሎ የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ሰው አፉ ሥር የደረሰውን ምሳ በገዛ እጁ ቆፍሮ እንደሚሸኝ ነው።