ደብረ ብርሃን የሆነው ሳሎን

አንድ ሰው ነበረ። ጋሼ፣ ይሄን የድምፅ መልእክት መሃል ላይ አትዝጋው፣ እስከ መጨረሻው ስማኝ። ስለ እህታችን፣ «አስካለ ምን ሆና ነው ስልኬን የማታነሳው? እኔ ምን አጠፋሁ?» ብለህ ጠይቀኸኛል አይደል? በቀጥታ ልመልስልህ ብል አፌ አይገታልኝም፣ አንተ ደግሞ ታላቄ ነህ። ስለዚህ የሰውዬውን ነገር ልንገርህ።

አንድ ሰው ነበረ፣ እዚሁ ድሬ። ሚስት አለችው፣ ልጆች አሉት፣ ሥራው ደህና ነው፣ ሰው ይወደዋል። ታላቅ እህትም አለችው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ አፉን የፈታው «እቴ» ብሎ ነው። ቤት ሲሠራ «ያለ አንቺ አልገባም» አለና ከጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ሰጣት። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። ይወዳታል። ይቺን ያዝልኝ።

የድሬን ሙቀት መቼም አትረሳውም። ግንቦት ሲገባ ሰው አንሶላውን ውሃ ነክሮ ነው የሚተኛው። ሰውዬው አንድ ቀን ተማረረና ኤሲ ገዝቶ መጣ። ኤሲ ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ነጩ ነው፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው። ሌላው ሞተሩ ነው፣ ማራገቢያ ያለው ትልቁ ሣጥን፣ ደጅ የሚቀመጠው። መሃላቸው የመዳብ ቱቦ አለ።

ባለሙያው ድሪሉን ይዞ መጣና «ሞተሩን የት ላድርገው?» አለ።

ሰውዬው አጥሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ደጅማ አይሆንም። እዚህ ሰፈር የውሃ ቆጣሪ ነቅለው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ጠዋት ስነሳ ብሎኑን ብቻ ነው የማገኘው።»

«እና?»

«ዕቃ ቤት አስገባው። ቁልፍ አለው።»

ባለሙያው ራሱን አከከ። «አቦ፣ ይሄ ነገር ትንፋሽ ይፈልጋል።»

«መስኮት አለው እኮ።»

መስኮት ያለው የመጽሐፍ ስፋት ያላት ቀዳዳ ናት፣ እሷም በማዳበሪያ ከረጢት ተወትፋለች። ባለሙያው ሌላ ቤት ይጠብቁት ነበርና «ቤቱ ያንተ ነው» ብሎ በሳ፣ ገጠመ፣ ሄደ።

ዕቃ ቤቱን ከእህትየው ክፍል የሚለየው ቺፕውድ ነው። ቺፕውዱ ደግሞ ኮርኒሱ ጋ አይደርስም፣ ከላይ ክንድ የሚያህል ክፍት ነው። ያን ቀን ይሄን ያሰበ ሰው የለም። ሰውዬው ሪሞቱን ይዞ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር።

ሳሎኑ ቀዘቀዘ ብልህ ቀዘቀዘ። ከሰዓት የበርጫ ጓደኞቹ ጫታቸውን ይዘው መጡ፣ ትራሳቸውን ተደግፈው እግራቸውን ዘረጉ። አንዱ አፉ አያርፍም፣ «ይሄ ሳሎን አይደለም፣ ደብረ ብርሃን ነው። ነገ ካፖርት ይዤ ነው የምመጣው» አለ። እህትየው ሰላም ልትላቸው መጣች፣ በሩ ላይ ቆማ ቅዝቃዜውን በፊቷ ተቀበለችና «ቤትህ ይባረክ» አለችው። ከዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከወንዶች ጋር በርጫ ላይ አትቀመጥ ነገር፣ ጨዋ ሴት ናት።

ሲመሽ «ሞቀኝ» አለችው።

ግንባሯን ነካ አደረገና «ትኩሳት ነው» አላት።

በሚቀጥሉት ቀናት ከንፈሯ ደረቀ፣ ምግብ አልበላ አላት፣ ስትነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ክሊኒክ ወሰዳት። ደሟን መረመሩ፣ ወባ የለም፣ ታይፎይድ የለም። የሚገርመው ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ደህና ናት፣ ከጎኗ ካለችው ሴትዮ ጋር ትስቃለች። ቤት ስትገባ ደግሞ ትወድቃለች። ሰውዬው ግራ ገባው። ደህና የነበረች ሴት ናት። ምን ነካት?

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ምች ነው፣ ከቅዝቃዜው ወደ ሙቀት ስትወጣ መቷት ነው» አለችና ዳማከሴ ጨምቃ አፍንጫዋ ላይ አደረገችላት። ሚስትየው ደግሞ «ኤሲው ነው፣ ነፋሱ አጥንቷ ገብቷል» አለች። ሁሉም በዚህ ተስማማ። መቼም እኛ ነፋስ ስንፈራ አንቻልም፣ ሚኒባስ ውስጥ እየታፈንን መስኮት የምናዘጋ ሰዎች ነን። እና ነፋሱ እንዳይነካት መስኮቷን ዘጉ። በሩ ሥር ጨርቅ ወተፉ። ጋቢ ደረቡላት።

«ሞቀኝ» አለች።

«ያልብሽ፣ ላቡ ሲወጣ ትድኛለሽ» አሏት።

እስቲ አሁን አስበው። አስበውና ቆይ፣ ገና ነው።

ኤሲው ደግሞ እየደከመ ሄደ። ሞተሩ ከሳሎን ያወጣውን ሙቀት ዕቃ ቤት ውስጥ ይተፋል፣ መልሶ ራሱ ይውጠዋል፣ ሰውዬው ግን ይሄን የት ያውቃል? ሳሎኑ ለዘብ ባለ ቁጥር ሪሞቱን ይጫናል። ሃያ ላይ የነበረውን አሥራ ስምንት አደረገው፣ አሥራ ስምንቱን አሥራ ስድስት። እሱ ባቀዘቀዘ ቁጥር እሷ ትብሳለች። እሷ ስትብስ ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ ይሞቀዋል፣ ሲሞቀው ሪሞቱን ያነሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ። ሳሎኑ በአንዴ ታፈነ፣ ጓደኞቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው በካርቶን ማራገብ ጀመሩ። የጓሮው በር ተከፈተና ሲያዩ እህትየው። በእግሯ። መጥታ ጥላው ሥር ተቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ ቆይታ ምግብ ጠየቀች። በላች ደግሞ። ከዛ ሳሎኑን በበሩ አጮልቃ አይታ፣ «ምነው ደብረ ብርሃኖች፣ ካፖርታችሁን አወለቃችሁ?» አለቻቸው።

ሰውዬው በደስታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ግን መብራት መጣ። ሳሎን ውስጥ እልል ተባለ፣ እሷ ክፍሏ ገባች፣ ሲመሽ እንደገና ወደቀች።

በሌላ ቀንም መብራት ሲጠፋ ተነሳች፣ ሲመጣ ወደቀች። አፉ የማያርፈው ጓደኛው እንኳ ያን ቀን አልቀለደም። «ስማ፣ እህትህ ላይ ያለው ነገር መብራት የሚጠላ ነው። ጠበል ውሰዳት» አለው። ሰውዬው የደም ምርመራውን አሰበ፣ ምቹን አሰበ፣ ነፋሱን አሰበ፣ አሁን ደግሞ ሰይጣን። አንዱ ከአንዱ አልገጥም አለው። ሌላ ሰው ቢነግረው የሚስቅበት ነገር ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ።

በመጨረሻ እህትየው ጠራችውና «ወደ ጭሮ፣ አክስታችን ጋ ልሄድ ነው» አለችው።

«መቼ ትመለሻለሽ?»

ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች።

እዚህ ላይ ሰውዬው ተናደደ። ቅር አለው። በበረሃ መሃል ቅዝቃዜ አምጥቼ፣ ሐኪም ቤት ወስጄ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ጥላኝ ትሄዳለች? ሚስቴ ናት ያስከፋቻት? እኔ ምን አጠፋሁ? አለ። ጋሼ፣ ይቺን ቃል ሰማሃት? እኔ ምን አጠፋሁ አለ።

የምትሄድበት ቀን ባጃጅ በር ላይ መጣ። እህትየው አጥሩን ይዛ ቆማለች፣ ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር ነው። «እኔ አመጣልሻለሁ» ብሎ ገባ። ቀትር ነው፣ ሳሎን ውስጥ ጓደኞቹ አሉ፣ ኤሲው አሥራ ስድስት ላይ ነው። ኤሲው ከገባ ወዲህ ሰውዬው በቀትር እዛ ክፍል ረግጦ አያውቅም። ሲጠይቃት በጠዋት ወይም ማታ፣ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

በሩን ሲከፍት የዳቦ ቤት ምድጃ አፍ የተከፈተ መሰለው። ወደኋላ አለ። ከዛ ገባ። ሥዕለ አድኅኖዋ ፊት የተከለቻት ጧፍ ሳትበራ ከወገቧ ተጣጥፋ፣ የሰገደች መስላ ተኝታለች። ከቺፕውዱ ጀርባ አንድ ነገር ያጉረመርማል። እጁን አስጠጋ፣ ቶሎ መለሰው። ቀና ብሎ ክፍቱን አየ። በዛ በኩል የሚመጣው አየር ፊቱን ላሰው።

ሻንጣውን አላነሳም። ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ጫማውን አወለቀ፣ በሩን ከውስጥ ገጠመው፣ አልጋዋ ላይ ወጥቶ ተኛ። ጋቢውንም ደረበ። ላቡ ጆሮው ውስጥ ሲገባ እንኳ አልጠረገውም።

ሳሎን ያለው ጓደኛው ጮኾ ተጣራ፦ «የት ገባህ አቦ? የሳሎኑን በር ክፍት ትተኸው ቅዝቃዜው እየወጣብን ነው።»

ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ። እህትየው ቢዘገይባት ግድግዳውን እየያዘች መጣች፣ በሩን ገፋ ስታደርግ ወንድሟ ከነሸሚዙ ርሶ አልጋዋ ላይ ተኝቷል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«እቴ፣ ሞቀኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መዳፏን ግንባሩ ላይ አድርጋ ቆየችና፣ «ትኩሳት ነው» አለችው።

እሱ ሳቀ ልበልህ አለቀሰ፣ እኔም አላውቅም። ተነሳ፣ በባዶ እግሩ ሳሎን ገብቶ ጓደኞቹን አልፎ ኤሲውን ነቀለው። «ደብረ ብርሃን ተዘግቷል» አላቸው። ባጃጁ ባዶውን ተመለሰ። ባለሙያው ተጠርቶ መጣና ሞተሩን አውጥቶ ደጅ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፣ ብየዳ ቤት የብረት ሳጥን ሠርተው ቆለፉበት። አለቀ።

ጋሼ፣ ሰውዬው አንተ ነህ።

አባባ አዳማ አንተ ጋ የነበረ ጊዜ ቤትህ ምን እንደነበር አስታውስ። ሌሊት ተነስቶ በር ይደበድባል፣ የልጆችህን ስም ይረሳል፣ ሚስትህን «ይቺ ማናት?» ይላል። ከበደህ። በዚህ አልፈርድብህም። «ለጥቂት ጊዜ» ብለህ አስካለ ጋ አምጥተኸው ሄድክ። አሁን «ቤታችን እግዚአብሔር ይመስገን ሰላም ሆኗል» ትለኛለህ። ሰላም ይሆናላ። ሙቀት እኮ አይሞትም፣ ቦታ ነው የሚቀይረው። ያንተ ሳሎን የቀዘቀዘው ሞተሩ አስካለ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ነው።

ነግራህ ነበር። ደከመኝ አለችህ። «ደም ማነስ ይሆናል፣ ተመርመሪ» አልካት፣ ብርቱካን በሰው ላክህላት። እንቅልፍ አጣሁ አለችህ። «ማታ ማታ ስልክ አትነካኪ» አልካት። እሷ ሞቀኝ ስትል አንተ ጋቢ ደረብክላት። እንደምትወዳት አውቃለሁ። ሰውዬውም ይወዳት ነበር፣ ያዝልኝ ያልኩህ እኮ ለዚህ ነው። ግራ የገባህ በሩ ላይ ቆመህ ስለምትጠይቃት ነው።

አባባን ዛሬውኑ ውሰደው አላልኩህም። ና። አንተ የእሷ አልጋ ላይ ተኛ፣ እሷ ሳሎን ትተኛለች። አባባ ሲነሳ አንተ ተነስ። ከዛ ምን እንዳጠፋህ የሚነግርህ ሰው አያስፈልግህም።

ይኸው አሁን መሽቷል፣ አባባ ባርኔጣውን አድርጎ በር ላይ ቆሟል። «ወደ ቤቴ ልሂድ፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል» እያለ ነው። በየቀኑ በዚህ ሰዓት እንዲህ ነው። አስካለ ጫማዋን አጥልቃ ክንዱን ያዘችው። ሰፈሩን ታዞረዋለች፣ እዚሁ መልሳ ስታመጣው ቤቴ ደረስኩ ይላል። ወጡ።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ እየጠራ ነው። ስምህ ይታየኛል።