የአሰልጣኝ እንድሪስ ፎጣ

በአንድ ወቅት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ በተሠራ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ አሰልጣኝ እንድሪስ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ምትም ትግልም ያለበትን ፍልሚያ፣ ድብልቅ ማርሻል አርትን፣ ያሠለጥናሉ። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ከድር፣ ሙክታርና ሰዓዳ። ሰዓዳ የመጨረሻዋ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ ስለሚጠፋባት ብዙውን ጊዜ ዝም ትላለች።

የአዳራሹ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ከውጭ አገር የሚተላለፍ ፍልሚያ በቴሌቪዥን ሊያዩ ሲሰበሰቡ፣ ገና ሳይጀመር እያንዳንዱ ሰው በጠመኔ የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ሦስት ነገር ይጽፋል፤ ማን እንደሚያሸንፍ፣ በስንተኛው ዙር፣ በምን። ከዚያ የጻፈውን በካርቶን ቁራጭ ይሸፍነዋል። ፍልሚያው ሳያልቅ የማንንም ካርቶን ማንሳት ነውር ነው። የጻፉትን መናገርም ነውር ነው።

ሌላው ሰው ይህን ለጨዋታ ያደርገዋል። አሰልጣኝ እንድሪስ ግን እንደ ትምህርት ነበር የሚያዩት። «ፍልሚያ እንዴት እንደሚያልቅ አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ፎጣ መያዝ የለበትም» ይላሉ። ፎጣው ነጭ ነው። ተፋላሚው በሚያርፍበት ጥግ የሚቆመው ሰው ትከሻው ላይ ያደርገዋል። ሪንጉ ውስጥ ከወረወረው ፍልሚያው ወዲያው ይቆማል፤ የእሱ ተፋላሚ ይሸነፋል፤ ግን በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከሦስት ዓመት በፊት አወል የሚባል ተፋላሚ ነበራቸው። ከመጨረሻው ዙር በፊት ሰዓዳ ውሃ ስትሰጠው «ጫማዬን አየሽው?» አላት። ተፋላሚ ጫማ አያደርግም፤ በባዶ እግሩ ነው የሚገባው። የቀለደ መስሏት ሳቀች። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አወል ተነስቶ ገባ፤ ወደቀ፤ ሲነቃም እናቱን አላወቃት። እስከ ዛሬም አላወቃትም። አሰልጣኝ እንድሪስ ፎጣውን ወርውረውት ነበር፤ ግን ዘግይተው ነው። ስኳር ዓይናቸውን እየወሰደባቸው እንደነበር ለማንም አልተናገሩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰዓዳ ውስጥ ደነዘዘ። አታለቅስም፤ አትስቅም። ፎጣውን በሳሙና ታጥባለች፤ ታሰጣለች፤ ታጥፋለች። ሲጠሯት «አቤት» ትላለች። እጇ የፈላ ውሃ ሲነካው እንኳ ቀስ ብላ ነው የምታነሳው።

በዚህ ዓመት የአባቷ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። ሦስቱንም ልጆቻቸውን ጠርተው እንዲህ አሏቸው፦

«ያሲን ከደሴው ልጅ ጋር የሚያደርገው ፍልሚያ አንድ ወር ቀርቶታል። መጨረሻውን በትክክል የጻፈ ፎጣውን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያሲን ያለ እሱ ሪንግ አይገባም። የያሲን ነፍስ በእሱ እጅ ነው።»

ያሲን የአክስታቸው ልጅ ነው፤ ከእነሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ በልቶ ያደገ። ካሸነፈ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያ ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረውም።

ከድር ትልቁ ነው። የእሱ ችሎታ ሰውነትን ማየት ነው። ተፋላሚዎች ከውድድሩ በፊት ክብደታቸውን ሲለኩ ከንፈራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ ጉልበታቸውን አይቶ ማን ራሱን በጥማት እንዳደረቀና በስንተኛው ዙር እንደሚዝል ይናገራል። ያሲንንም ለብቻው አልተወውም። አንድ ወር ሙሉ አብሮት ዘይት ያልነካው ምግብ በላ፤ አብሮት ሮጠ፤ ክብደቱን ቀስ በቀስ እንዲቀንስ አደረገው፤ ውሃ ግን አልከለከለውም። በሚዛኑ ዕለት የደሴው ልጅ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሰው ደግፎት ሚዛኑ ላይ ወጣ። ከድር አየው። ወደ አዳራሹ ተመልሶ ጻፈና ካርቶኑን ሰቀለ።

ሙክታር መካከለኛው ነው። የእሱ ችሎታ ልማድን ማወቅ ነው። የቆዩ ፍልሚያዎችን በስልኩ እያቆመ፣ እየመለሰ ያያል፤ ማን ከምን በኋላ ምን እንደሚያደርግ በደብተር ይይዛል። ያሲን እግር ይዞ ለመጣል ሲጎነበስ ሁልጊዜ አንገቱን በግራ በኩል እንደሚተው አወቀ። የደሴው ልጅ ደግሞ አንገት ቆልፎ ማነቅ ነው ሥራው። ሙክታር መጀመሪያ ጻፈ፤ ካርቶኑን ሰቀለ። ከዚያ ያሲንን ጠርቶ፣ አንገቱ ሲያዝ እንዴት እንደሚያመልጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አለማመደው።

ሁለቱ ወንድማማቾች መናቆር አይሰለቻቸውም ነበር።

«አንተ እኮ በግ ገዢ ነህ» ይላል ሙክታር። «ጎድን ዳስሰህ፣ ላት መዝነህ ትመለሳለህ።»

«አንተስ? ደብተርህን ነው የምታገባው። ልጆቻችሁ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ይሆናሉ!»

ያሲን በሳቅ ይፈርሳል። ሰዓዳ አጠገባቸው ሆና ፎጣ ታጥፋለች።

የሰዓዳ ችሎታ ሌላ ነው። ተፋላሚው በዙር መካከል ለአንድ ደቂቃ ሲቀመጥ ፊቱን ታያለች። ሰውየው ውስጥ አለ ወይስ የለም፣ ያን ታውቃለች። ይህን የተማረችው ከአወል ነው። ፍልሚያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያሲን ልምምድ ላይ ጭንቅላቱን ተመታ። በማግስቱ የአዳራሹን ቁልፍ ከእሷ ተቀበለ፤ ወዲያው ተመልሶ ቁልፍ ስጪኝ አላት። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር።

«ያሲኔ፣ ይዘኸዋል እኮ» አለችው።

ቁልፉን አየው፤ ከዚያ እሷን አያት። «ለማንም እንዳትናገሪ። በአላህ ይሁንብሽ። ከነገርሻቸው አያስገቡኝም።»

«እሺ» አለች። ለምን እሺ እንዳለች አላወቀችም። ምንም አልተሰማትም። ከፍልሚያው በፊት ባለው ቀን ግን ጠመኔ አንስታ፣ ከሁሉም ዝቅ ብላ፣ ግድግዳው ጥግ ላይ ጻፈች። ካርቶን ሸፈነችበት።

ፍልሚያው በከተማው አዳራሽ ከቀትር በኋላ ሆነ። አሰልጣኝ እንድሪስ ባያዩም ፎጣውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጥጉ ላይ ቆሙ። «ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ማንም እንዳይነካው» አሉ። ልጆቻቸው ከኋላቸው ቆሙ።

የመጀመሪያው ዙር እኩል ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ያሲን እግር ሊይዝ ተጎነበሰ፤ አንገቱን በግራ በኩል ተወ፤ የደሴው ልጅ ቆለፈው። ሰው ሁሉ ተነሳ። የያሲን ፊት ጠቆረ። ሙክታር «አገጭህን! ወደ ክርኑ ዙር!» ብሎ ጮኸ። ያሲን እንደተለማመደው አገጩን ቀበረ፤ ዞረ፤ ወጣ። ሲወጣ ግን ጆሮ ግንዱ ላይ በደሴው ልጅ ጉልበት ተመታ። ደወል ተደወለ።

ያሲን መጥቶ ተቀመጠ። ሙክታር ጭንቅላቱ ላይ ውሃ ያፈስለታል። ከድር ጆሮው ስር «አይዞህ፣ ሰውየው አልቋል፤ ትንፋሹን ተመልከተው፤ ሦስተኛው ያንተ ነው» ይለዋል። ሰዓዳ ፊቱን አየች። የሰጠችው ውሃ በአገጩ ላይ ፈሰሰ።

«ሙክታር የት ሄደ?» አላት ቀስ ብሎ።

የሙክታር እጅ ያሲን ጭንቅላት ላይ ነበር።

ደወል ተደወለ። ያሲን ተነስቶ ሦስተኛው ዙር ውስጥ ገባ። የደሴው ልጅ በእርግጥም ዝሎ ነበር፤ እጁ ወርዶ ነበር። ያሲን አንድ መታው፤ ሁለተኛ መታው። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ያን ጊዜ ሰዓዳ እጇን ዘርግታ ፎጣውን ከአባቷ ትከሻ ላይ ወሰደችና ወረወረችው።

ነጭ ነገር ሪንጉ መሃል ወደቀ። ዳኛው ፍልሚያውን አቆመ። የደሴው ልጅ እጅ ወደ ላይ ተነሳ። ያሲን ፎጣውን ቁልቁል ያየዋል። ምን እንደሆነ ያወቀ አይመስልም ነበር።

«ማነው?» አሉ አሰልጣኝ እንድሪስ ባዶ ትከሻቸውን እየዳበሱ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች።

አሸናፊው ከአዳራሹ በእግሩ አልወጣም። በሩ ጋ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ በጥማት ደርቆ ስለነበር ግሉኮስ ሰቀሉለት። ያሲንንም ሐኪም አየው። ስድስት ወር ምንም ዓይነት ምት እንዳይነካው አለ። «ብቀጥል ምን እሆን ነበር?» ብሎ ያሲን ጠየቀው። ሐኪሙ «ምንም ላትሆንም ትችል ነበር። ላትነሳም ትችል ነበር። ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም» አለው።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም የቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ካርቶኖቹ ተነሱ። ለአሰልጣኝ እንድሪስ አንድ ሰው እያነበበላቸው ነው።

የከድር፦ «ያሲን ያሸንፋል። ሦስተኛ ዙር። ባላጋራው በመዛል።»

የሙክታር፦ «ያሲን ይሸነፋል። ሁለተኛ ዙር። አንገቱ ተቆልፎ።»

የሰዓዳ፦ «ያሲን ይሸነፋል። ሦስተኛ ዙር። በፎጣ።»

ሁሉም በአንድ ላይ መናገር ጀመረ።

«ይህ ምን ግምት ነው?» አለ ከድር። «ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ወርውራ! እንደዚህማ ከሆነ እኔም ነገ ሣር ቤት ይቃጠላል ብዬ እጽፍና ክብሪት ይዤ እሄዳለሁ። ሰውየው በሩ ላይ ወድቋል፤ ሁላችሁም አይታችኋል። አንድ ደቂቃ ቢቆይ የጻፍኩት ይፈጸም ነበር።»

«የኔም ተፈጽሞ ነበር» አለ ሙክታር። «ዙሩን አውቄአለሁ፤ አንገቱን አውቄአለሁ። እኔ ባላለማምደው ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። ግምቴ የተበላሸው እሱን ስላዳንኩት ነው። ፎጣ የሚይዝ ሰው ሥራው ይኸው አይደለም እንዴ?»

«አዎ፣ ግን ያመለጠ ጊዜ የተመታውስ?» አለ አንዱ። «ቢታነቅ ኖሮ ባላጋራውን በእጁ መታ መታ አድርጎ እጅ ይሰጥ ነበር፤ ጭንቅላቱ ይተርፍ ነበር።»

ሙክታር ደብተሩን አጠፈ።

አሰልጣኝ እንድሪስ ሰዓዳን ጠሯት፤ «አቤት» ስትል ወደ ድምፅዋ ዞሩ። «ጭንቅላቱ እንደተጎዳ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጽፌዋለሁ አባባ።»

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ሳይል፤ «እኔ እኮ ግድግዳውን አላይም።»

ሰዓዳ ይህን አላሰበችውም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ዓይን ለሌላቸው ሰው በጠመኔ ለመጻፍ፣ ከዚያም በካርቶን ለመሸፈን ነበር የጠበቀችው። ማዘን እንዳለባት አወቀች። ውስጧን ፈለገች። እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ የእሷ ነው፣ ግን አይሰማትም።

ያሲን በሩ አጠገብ ተደግፎ ቆሟል። ከፍልሚያው ቀን ጀምሮ ሰዓዳን አላናገራትም።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት አሰልጣኝ እንድሪስ። «ከስድስት ወር በኋላ ከኋላህ የሚቆመው ሰው ነው እኮ።»

«ከድር እንደማሸንፍ አምኖብኛል» አለ ያሲን። «ሙክታር እንዴት እንደማመልጥ አስተምሮኛል። እሷ... እሷ አሸንፌ ነበር ወይስ ሞቼ ነበር፣ መቼም እንዳላውቀው አድርጋኛለች።»

ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

አሰልጣኝ እንድሪስ ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። በእጃቸው ጠርዙን እየዳበሱ አራት ቦታ አጠፉት። «እኔ አላየሁም» አሉ። «ያያችሁ ሰዎች ንገሩኝ።»

ግማሹ ከድር አለ። ግማሹ ሙክታር አለ። ሁለት ሰዎች ሰዓዳ አሉ፤ ከሁለቱ አንዷ የአወል እናት ነበረች። ሰዓዳ ጥፍሯ ውስጥ የቀረውን ጠመኔ ታያለች። ፎጣውን ትፈልገው እንደሆነ ራሷን ጠየቀች።

ፎጣው አሁንም ተጣጥፎ የዓይነ ስውሩ አሰልጣኝ ጉልበት ላይ ነው፤ የያሲንም ስድስት ወር እየተቆጠረ ነው። አንዱ መጨረሻውን በሰውየው ገላ ላይ አነበበ፤ ያነበበው ግን ሳይፈጸም ቀረ። አንዱ አወቀው፤ አውቆም አበላሸው። አንዷ ጻፈችው፤ በእጇም ፈጸመችው፤ ሳትናገር ግን ሦስት ሳምንት አሳለፈች። እንግዲህ ይህን የሰማችሁ እናንተ ፍረዱ፤ ፎጣው ለማን ይገባል?