ጠጠር የምትነከርበት ዕቃ

አንድ ጊዜ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ነፋስ የለም። ወንዙ መፍሰሱን አቁሞ ከአንድ ኩሬ በቀር ምንም አልተረፈውም።

በዚያ ወንዝ ዳር ቡላ የሚባል አህያ ይኖር ነበር። ቡላ ብዙ አይናገርም። ደስ ሲለው አንድ ጆሮውን ያነሳል፤ ሲከፋው ሁለቱንም ይጥላል፤ ከዚያ ያለፈውን ወሬ ለሌሎች ትቶታል። አንድ ቀን ሣር ሲፈልግ ሰኮናው አጠገብ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጠጠር መስሎት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ገና ከእንቁላል የወጣች ኤሊ ናት። ወላጅ የላትም። ስሟን ጠጠር ብሎ ወሰዳት።

ጠጠር ግን አልበላ አለች። ዓይኗ ሰረጎደ። ቡላ ነገሩ ገባው፤ ከኤሊዎች ጋር ከአንድ ወንዝ እየጠጣ ነው ያደገው። የኤሊ ልጅ በየቀኑ ለብ ባለ፣ ከአገጯ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ካልተነከረች ትደርቃለች። ኩሬው ደግሞ ከዳሩ ጀምሮ ጥልቅ ነው፤ ውሃውም ይቀዘቅዛል። የየብስ ኤሊ ዋና አታውቅም፤ ብትገባ እንደ ስሟ ትሰምጣለች።

«አባ ቡላ፣ ቆዳዬ ጠበበኝ» አለችው።

«ዕቃ እንፈልጋለን» አለ ቡላ። በዚያ ሳምንት ካፉ የወጣው ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

ዕቃ ያለው ጅብ ብቻ ነው። የመንደሩ ሰዎች ውሃ ፍለጋ ሲሄዱ የተዉትን ሁሉ ለቃቅሞ ጎሬው ውስጥ ከምሮታል። ቡላ ጅብ ዘንድ መሄድ አይወድም፤ አህያ ሆኖ የሚወድ የለም። ቢሆንም ቀትር ላይ፣ ጅብን እንቅልፍ በሚጥለው ሰዓት፣ ጠጠርን ጋማው ውስጥ አስቀምጦ ሄደ።

«ጋሼ ቡላ! በእግርህ መጣህልኝ?» አለ ጅቡ ዓይኑን እያሻሸ። መጀመሪያ ያየው የቡላን ታፋ ነው፤ ቀጥሎ ጠጠርን አየ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ታፋው ተመለሰ።

«የምትነከርበት ዕቃ» አለ ቡላ።

«የሕፃን ነገር ለእኔ ተወው!» አለና ከጎሬው ትልቅ ድስት ጎትቶ አወጣ። ሦስት ድንጋይ ደርድሮ ድስቱን ጣደ፤ ከኩሬው ቀድቶ ያኖረውን ውሃ ሞላበት፤ ከሥሩ ጭራሮ ይማግድ ጀመር።

«እሳቱስ?»

«ውሃው ለብ እንዲል ነዋ! ልጅቷን በብርድ ልትፈጃት ነው?»

ቡላ አሰበ። ለብ ማለት እንዳለበትስ እውነት ነው። ጅቡ ሽንኩርት ጨመረ።

«ይሄስ?»

«ለጉንፋን።»

ጨው ነሰነሰ።

«ይሄ ደግሞ ለቆዳዋ ነው። ወንድሜ፣ ዛሬ ምን ነካህ? ምላስህ ተፈታሳ!»

ቡላ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ጣለ። ጅቡ በአንድ እጁ ማማሰያ፣ በሌላው የድስቱን ክዳን ይዞ ቆሟል፤ ለሀጩ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠባል።

«አባ ቡላ» አለች ጠጠር፣ «መታጠቢያ ክዳን አለው እንዴ?»

በዚህ መሀል ቀበሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለች። አንገቷ ላይ አፈ ጠባብ ቅል አንጠልጥላለች።

«አያ ጅቦ፣ አታፍርም? ይሄ እኮ ወጥ ነው!»

«ወጥ አይደለም!» ጅቡ ክው አለ። «በርበሬ እንኳ ገና አልገባበትም!»

ቀበሮ ወደ ቡላ ዞረች። ድምፅዋ ማር ሆነ። «ጋሼ ቡላ፣ ይሄን ሆዳም ይተዉት። ልጅ የሚነከረው በቅል ነው። አፉ ጠባብ ስለሆነ ነፋስ አያስገባም። ማንጠልጠያም አለው። እርስዎ ይደክማሉ፤ እኔ አንጠልጥዬ ጥላ ለጥላ አንሸራሽራታለሁ።»

ቡላ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ የቅሉን አፍ አየ። ጠጠር መግባቱን ትገባለች።

«በምን ትወጣለች?»

«መውጣት?» ቀበሮ ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም። «እሱን እንኳ… ስንደርስ እናያለን።»

«የት ስንደርስ?» አለች ጠጠር።

ጅቡ ዘሎ ቅሉን ያዘ። «ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ!»

«አንተ ያየኸው ታፋውን ነው!»

«ሁለቱንም አይቻለሁ!»

ሲጓተቱ ድስቱ ተገለበጠ፤ የፈላው ውሃ የጅቡን እግር ለበለበው። ጩኸቱ ሸለቆውን ሞላ።

ቡላ ቆሞ አላየም። ወደ ወንዙ ወረደ። ጠጠር መንገዱን ሁሉ ራሷን ከድንጋይ ልብሷ አላወጣችም። ጠራት። ቡላ ማንንም ደግሞ መጥራት አይወድም፤ እሷን ግን ደግሞ ጠራት። «አቤት» ያለችው ድምፅ ከትንኝ ድምፅ ያነሰ ነበር።

ሌላ የሚጠየቅ ቤት የለም። ከኋላ ጅቡ እያነከሰ፣ ቀበሮዋም እየተከተለችው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ቡላ ወሰነ።

የኩሬው ዳር ሸክላ አፈር ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። የፊት እግሩን አንስቶ አንድ ጊዜ ረገጠ። ሰኮናውን ሲያነሳ ክብ፣ ዙሪያው ጠርዝ ያለው፣ ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ጉድጓድ ቀረ። ከኩሬው ውሃ ጎረሰ፤ አልዋጠውም። ለብ እስኪል አፉ ውስጥ ያዘው፤ አፍ ዘግቶ መቆም እንደሆነ ለእሱ ሥራ አይደለም። ከዚያ ቀስ አድርጎ ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሰው፣ አንገቱንም ዝቅ አድርጎ ጠጠርን አወረዳት። ውሃው አገጯ ሥር ሲደርስ ቆመ።

መጀመሪያ አንድ እግሯ ወጣ። ቀጥሎ ራሷ። ጠጣች፤ ጠጣችና ዓይኗን ከፈተች።

ጅቡ እያለከለከ ደረሰ። «ይሄ ምን ዕቃ ነው? ለአንድ ጎራሽ እንኳ አይበቃም!»

ቡላ ጉድጓዱን በአራት እግሮቹ መሀል አድርጎ ቆመ፣ ጀርባውን ወደ ጅቡ አዞረና የኋላ እግሩን አነሳ። ቀበሮ ቅሏን ጥላ ቀድማ ሮጠች። ጅቡ የተነሳውን ሰኮና አየ፤ የተለበለበ እግሩን አየ፤ ጥቂት አሰበና እሱም ዞረ። ቡላ እግሩን አወረደ፣ ጎንበስ ብሎም ሁለተኛውን ውሃ ጎረሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጅ የሚሆን ዕቃ የሚመረጠው በልጁ ልክ እንጂ ዕቃውን በሚያቀርበው ሆድ ልክ አለመሆኑን ነው።