ስንዱ፣ ወፍጮውና ያልተሻገረው አህያ

ስንዱ የፈለገችው አሥር ሰከንድ ጸጥታ ብቻ ነበር።

ስንዱ በግራር ውሃ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሠራተኛ ናት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከደጋ ተደወለላት። ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ ደራሹ ጎርፍ አሥር ሰዓት ገደማ የወንዙ መሻገሪያ ላይ ይሆናል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ካልተናገረ ገበያተኛው ወደ ቤቱ ሊሻገር ወንዙ ውስጥ ይገባል። አምና የሐሰት ወሬ ገበያውን በትኖ ስለነበር፣ ጣቢያው በስንዱ ድምፅ ያልተቀዳ ማስጠንቀቂያ አያስተላልፍም። ሰውም ከሬዲዮ ያልሰማውን አያምንም።

ቀድታ ላከች። የጣቢያው ቴክኒሻን ሀብቴ ወዲያው ደወለ።

«ስንዱ፣ ድምፅሽ የለም። ያለው ጩኸት ነው። እንደገና ላኪ።»

ላፕቶፑ ሊኑክስ በሚባል ሲስተም የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ነው። የድምፅ ቅንብሩን ከፈተች። የማይክሮፎኑ መጠን ጣሪያ ነክቶ ነበር፤ ወደ ግማሽ አወረደችው፤ ሽሽ የሚለው ቀነሰ። ቻርጀሩን ነቀለች፤ እዝዝ የሚለው ጠፋ። ባትሪው ግን ሩብ አይሞላም። የቀረው የላፕቶፑ ማራገቢያ ድምፅ ነው። ለእሱ የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም አላት፤ ፕሮግራሙ ግን አስቀድሞ ሰው ሳይናገር ማራገቢያውን አሥር ሰከንድ ለብቻው መስማት አለበት። የማይለዋወጥ ድምፅ ያጠፋል፣ የሚለዋወጥ አያጠፋም። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ወፍጮ አለ፤ ከፍ ዝቅ እያለ ያጓራል። ውጭ ነፋስ ነው፤ ማይክሮፎን ላይ ነፋስ ከወፍጮ ይብሳል።

ወፍጮው ዝም አልል አለ፤ ማይክሮፎኑ ማራገቢያውን ለይቶ አልሰማ አለ፤ ላፕቶፑ ድምፁን አላጸዳ አለ፤ ሬዲዮው አልናገር አለ። ውሃው ግን እየመጣ ነው።

ስንዱ ወደ ባለወፍጮው ሄደች።

«ጋሽ ጓንጉል፣ አንድ አፍታ ያቁሙልኝ። ደራሽ እየመጣ ነው።»

«ደራሽ ቢሆን ሬዲዮው ይናገር ነበር።»

«ሬዲዮውን ያፈነው የእርስዎ ወፍጮ ነው እኮ።»

«እህል በአፉ ይዞ ከቆመ ዛሬ አይነሳም። ድንጋዩን አውርጄ ልጠርግ ነው? እህሉ የአልጋነሽ ነው፤ አቁም ካላለች አላቆምም።»

የወይዘሮ አልጋነሽ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። አሁን ግን ዱቄት ለብሳ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«አንዱን ጆንያ ባለአህያው ይመር ጭኖ ወደ ወንዙ ወርዷል» አለች። «አሻግሮት ለሁለተኛው ይመለሳል። ተፈጭቶ ካልጠበቀው ትቶኝ ይሄዳል። አንቺ ትሸከሚልኛለሽ?»

«ይመር መሻገሩን ቢተውስ፣ እትዬ?»

«እሱ ከተወማ ምን አስቸኮለኝ?»

አልጋነሽ አቁም አልል አለች፤ ጓንጉል አላቆም አለ፤ ወፍጮው ዝም አልል አለ፤ ማይክሮፎኑ ማራገቢያውን ለይቶ አልሰማ አለ፤ ላፕቶፑ ድምፁን አላጸዳ አለ፤ ሬዲዮው አልናገር አለ። ውሃው ግን እየመጣ ነው።

ስንዱ ወደ መሻገሪያው ሮጠች። ይመር ትንሽ ሬዲዮ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አህያውን ይደበድባል። አህያው አራት እግሩን ተክሎ ቆሟል።

«ይመር፣ አትሻገር። ደራሽ አለ።»

«ሬዲዮው ምንም አላለ፣ እህቴ። እሱ ዝም ካለ ውሃው ሰላም ነው። ሰላም የነሳኝ ይሄ አህያ ነው፤ ስምንት ዓመት ተሻግሮ ዛሬ መኳንንት ሆነብኝ።»

ሬዲዮው ስላልተናገረ ይመር አልመለስ አለ፤ ይመር ስላልተመለሰ አልጋነሽ አቁም አልል አለች፤ ጓንጉል አላቆም አለ፤ ወፍጮው ዝም አልል አለ፤ ማይክሮፎኑ ማራገቢያውን ለይቶ አልሰማ አለ፤ ላፕቶፑ ድምፁን አላጸዳ አለ፤ ድምፁ ስላልጸዳ ሬዲዮው አልናገር አለ። ነገሩ ዞሮ ጅራቱን ነከሰ። ውሃው ግን እየመጣ ነው።

ስንዱ አልተከራከረችም።

«ጠዋት ስትሻገር የት ነው እግርህን የታጠብከው?»

«እዚያ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ።»

«አሳየኝ።»

ይመር በዱላው ሊያመለክት እጁን አነሳ። ድንጋዩ የለም። በነበረበት ላይ ጭራሮ የተሸከመ ቡናማ ውሃ ይሄዳል። ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ።

«አንተ አውቀህ ነው ለካ» አለ አህያውን። አንገቱን አዙሮ ወደ ከተማው መራው።

አህያው አልገባ ስላለ ይመር ተመለሰ፤ ይመር ስለተመለሰ አልጋነሽ «አቁም» አለች፤ አልጋነሽ «አቁም» ስላለች ጓንጉል አቆመ፤ ወፍጮው እህሉን በአፉ እንደያዘ ዝም አለ፤ ማይክሮፎኑ አሥር ሰከንድ ማራገቢያውን ለብቻው ሰማ፤ ስንዱ ተናገረች፤ ላፕቶፑ ድምፁን አጸዳ። ፋይሉ ሄዶ ሲያልቅ ባትሪውም አለቀ።

ሀብቴ ደወለ። «አሁን ጥርት ብሏል። ግን መጨረሻው ላይ አህያ ያናፋል። ልቁረጠው?»

ስንዱ በመስኮቱ አየች። አህያው በሯ ላይ ታስሯል።

«ተወው። መጀመሪያ ያስጠነቀቀው እሱ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተናገረ። ገበያተኛው ወደ ወንዙ መውረዱን ትቶ ወደ ዘመድ ቤት ተበተነ። ጓንጉል የወፍጮውን ድንጋይ እያወረደ ነበር። አልጋነሽ ግማሽ በተሞላው ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው፣ እስከ አህያው ድረስ፣ አዳመጠች።

«ሬዲዮው ከተናገረማ እውነት ነው» አለች።

ውሃው አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጣ። መሻገሪያው ላይ ማንም አልነበረም።